ሦስት ስህተት

መስከረም ሲጠባ፣ የሜዳው ጭቃ ሳይደርቅ፣
ኳሷ ሳትነፋ፣ መረቡ ሳይጠለቅ፣
ጫማ አስወልቄ በረንዳው ላይ ደረደርኳቸው፤
«እጅ በወገብ፤ ዓይን ጨፍኑ፤ ሃያ ሰከንድ ቁሙ» አልኳቸው።
በሁለት እግር አስቀድሞ፣
ቀጥሎ በግራው ብቻ ቆሞ፣
ኋላም ተረከዝን ከአውራ ጣት አጋጥሞ፤
በመጨረሻ ደግሞ
ከቅዳሜ ገበያ ተከራክሬ በገዛሁት፣
ካሮጌ ፍራሽ በቆረጥኩት
ስፖንጅ ላይ።
እጅ ከወገብ ከተነሳ፣ አንድ።
ዓይን ከተገለጠ፣ አንድ።
ሌላው እግር መሬት ከነካ፣ አንድ።

ሳቁብኝ።
«ሽመላ ልታደርገን ነው?» አለች በረኛዋ ሊሻን፤
«ባንድ እግር መቆምማ ደሞዝ ለሚጠብቅ ነው፣ ለኛ ምን ሊረባን?»
አለ ዋለልኝ።
የሒሳብ መምህሩም በመስኮት ብቅ ብሎ
«ሱባዔ ገባችሁ?» አለን፣ ጠመኔውን በጣቱ አንጠልጥሎ።

ይርሳው ሦስት ጊዜ ሳተ፤
ሁለቴ ስፖንጁ ከዳው፣ አንዴ ግራ እግሩ ታከተ።
በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩት፦ ይርሳው፣ ዘጠነኛ ለ፣ ሦስት።
ስሙን ያወጣችው እናቱ ናት፤
ከሱ በፊት የሞተ ልጅ ነበራት፣
ሐዘኑን ልቧ ይርሳው ብላ።

አባቴ ግንበኛ ነበር፤ የነገሥታቱን አጥር ሲጠግን የኖረ።
ስንጥቅ ሲያገኝ ለመድፈን አይቸኩልም፤
ጀሶ ይለጥፍበታል፣ በጀሶው ላይ ቀን ይጽፋል።
ጀሶው ከተሰነጠቀ ግንቡ እየሄደ ነው፤
ካልተሰነጠቀ ስንጥቁ የጥንት ነው፣ ከነስንጥቁ ይኖራል።
«ዛሬ የቆመበትን ካላወቅህ» ይለኝ ነበር፣
«ነገ ማዘንበሉን ማን ይነግርሃል?»

ኅዳር። ከአዘዞ ልጆች ጋር። የማዕዘን ምት።
ሁለት ራስ ላንድ ኳስ ዘለለ፤
የተሰማው ድምፅ የኳስ አልነበረም።
ይርሳው ወደቀ። ተነሳ። ቁምጣውን አራገፈ።
«ደህና ነኝ!» አለ፣
ወደ ገዛ ጎላችን እየከነፈ።
ከመስመር ውጭ ጩኸት፦ «ውሃ አፍስሱበት!»
«ወንድ አይደል እንዴ?» «ይጫወት! ይጫወት!»
«ስንት ለስንት ነን?» አልኩት እጁን ይዤ።
ፈገግ ብሎ አየኝ፦ «ማን ከማን?»
ይርሳው ስሙን ታዘዘ።

አጎቱ አጥሩን ዘሎ መጣ፣
«ቆሞልህ የለም ወይ? ምን ቀረህ?» አለ በቁጣ።
መቆሙንማ አየሁ፤
እንዴት እንደቆመ ነው የምፈልገው።
ሆስፒታል አደረ። የራሱ ፎቶ «ንጹሕ ነው» ተባለ።
ፎቶ የተሰበረ ያሳያል፤ የተናወጠ ግን
የት ይነሳል?

በሦስተኛው ቀን፣ በዚያው ሲሚንቶ፣ በዚያው ስፖንጅ፣
ዐሥራ አንድ።
በሳምንቱ ሰባት።
ከዚያ አምስት። ከዚያ ደግሞ ስድስት።
«ቲቸር፣ በመስከረምም ዐሥራ አንድ ነበርኩ፣
አንተ ነህ የረሳኸው» አለኝ፣ ዓይኑን ከዓይኔ አሽሽቶ።
ደብተሩን ገለጥኩለት።
ዝም አለ፤ ቀዩን ቁጥር በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ።
እናቱ ከበር ቆማ «ስሙን ብንቀይርለትስ?» አለችኝ።
ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ።

ታኅሣሥ፣ ማለዳ፤
ብርዱ ከአንገረብ በኩል ጆሮ ይቆርጣል።
ይርሳው ባዶ እግሩን በረንዳው ላይ
ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል።
ግራ እግሩ ታከተ፤ አንድ።
ስፖንጁ ከዳው፤ ሁለት።
ደግሞ ከዳው።
ሰዓቴን እያየሁ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ፤
ሃያው ሰከንድ አለቀ። ሌላ የለም።
ሳቅኩ።
«ሦስቴ ስቼ ምን ያስቅሃል?» አለ ተኮሳትሮ፣
ገና «ተጫወት» እንዳላልኩት፣
ሐኪሙም ገና እንዳልፈረመለት ቆጥሮ።
ደብተሩን ዘጋሁት።
«ስምንቱ የግጭቱ ነበሩ፣ ሄዱ» አልኩት።
«እኒህ ሦስቱ ግን፣ ልጄ፣
የራስህ ናቸው።»