ባዶ ወንበር

ኅዳር፣ ደብረ ብርሃን፣ ውርጭ አጥንት ሲበላ፣
ከእርገጤ ቀልድ በቀር ማሞቂያ የለን ሌላ።
እኔ ትኬት ቆራጭ፣ ከአዳራሹ ደጅ ላይ፣
ስንቱን ቅዳሜ ሳቅሁ በበሩ ስንጥቅ ሳይ።

ቀን ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ጠጉሩ ሱፍ አዝሎ፣
ማታ ሊቀ መንበር፣ ማኅተም አንጠልጥሎ፤
ደምሰው ባለጉዳይ፣ ባርኔጣውን ይዞ፣
«ነገ ና» ሲባል ነው የሚቀር ፈዝዞ።
«ትናንትም ነገ ነበር!» ይል ነበር መልሶ፣
አዳራሹ ሲስቅ፣ ጣራው ሊወርድ ደርሶ።
አሥራ ስምንት ዓመት ያችኑ ተጫወቱ፣
እኛም በቃላችን፣ ሳቅን በየሰዓቱ።

ሐሙስ ደምሰው ሞተ።
ቀብረን ስንመለስ «ቅዳሜ ይቅር» አልሁት፤
አፈሩን ከጫማው እያራገፈ፣
«ስንት ትኬት ሸጥህ?»
«መቶ አርባ።»
«እንግዲያ በር ክፈት።»

ሁለት ወንበር አወጣ፣ ባርኔጣውን ባንዱ።
«ምን ፈልገህ መጣህ?» አለ እንደ ልማዱ።
«ነገ ና» አለ ደግሞ፣ ዞሮ ወደ ባዶው።
ሳል እንኳ አልተሰማ።
ከኋላ አንድ ጋሪ ነጂ፣ ድምፁ የሻከረው፣
«ትናንትም ነገ ነበር!» ብሎ ጮኸ።
ከዚያ መቶ አርባው ሁሉ፣ እኔም ከደጁ ላይ፣
«ትናንትም ነገ ነበር!»

የእርገጤ ተራ ነበር።
ማኅተሙን አነሣ፣ አፉን ከፈተና፣
«እንግዲያ ነገ…» አለ፤
የቀረውን እስካሁን አልነገረን ገና።