ከበሩ ጀርባ

«የኪራይ ውል አምጪ፣ ምስክር ያለው ሦስት፣
ደረሰኝም አምጪ፣ ማኅተም ያረፈበት።
የቤት ድጎማ ነው፤ የሚሰጠው ለቤት።»
አለችኝ ጸሐፊዋ፣ ቀና ሳትል ከወረቀት።
ማራኪ ነው ግቢው፤ ረፋድ ነው ሰዓቱ፣
ሰልፉ ከኋላዬ ይገፋል በደረቱ።

«የት ነው የምትኖሪው?»
        «አዘዞ።»
«ከማን ጋር?»
        «ከእናት ካባቴ።»
«እንግዲያ ምን ኪራይ አለብሽ፣ እህቴ?»

ምን ልበላት?
የባጃጁን፣ የውሃውን፣ የመብራቱን ላስላላት?
ቅዳሜና እሁድ ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ፣
የማገኛትን ብር፣ ሳልቆጥራት ደግሜ፣
ለዘይት ለዱቄት ለእናቴ እንደምሰጣት፣
በየትኛው ደረሰኝ፣ በማን ማኅተም ላውጣት?
ቅጹን አጣጠፍኩት፤ ደብተሬ ውስጥ ገባ፣
ባጃጅ ውስጥ አራተኛ ሆኜ፣ ቁጭ አልኩ እንደ ሌባ።

አባቴ መነጽሩን በክር አስሮ አነበበ፤
«አከራይ» ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ፤ አሰበ።
«አከራይ እኔ ልሁን? ልጄ ተከራይ ትሁን?
ወር ያለፈባት ለት ላውጣ ወይ አልጋዋን?»
«ጻፍ ባክህ፣» አለች እናቴ፣ ከሽንኩርቷ ሳትነሳ፣
«ወረቀት ነው የጠየቁት፤ ማን ጠየቀህ አበሳ?»

ምስክሮች ተጠሩ፤ እማማ ማሪቱ መጡ፣
አያ እንዳላማው ከነከዘራቸው ተቀመጡ፣
ሦስተኛው ሰይድ ባለሱቁ፣ ሚዛኑን ትቶ የመጣ።
ብዕሩ ዞረ።
«የወር ኪራይ» ላይ ሲደርስ ግን ተንጠለጠለ፣
አባቴ ቁጥር ጀመረና «አልችልም» አለ።
«ውሸት ነው አልልም፤ ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤
ግን በልጄ ስም ሲጻፍ እጄን እፈራዋለሁ።»

ማታ ክፍሌ ገባሁ። ሰርቪስ ናት፣ ከጓሮ፣
ሦስት በሦስት፣ የጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ፤
አውሮፕላን ሲያርፍ ትንቀጠቀጣለች።
ከኔ በፊት የሒሳብ መምህር ነበር፣ ባንተይርጋ የሚባል፣
አራት ዓመት ኖረባት፤ ሳሉ ዛሬም ያለ ይመስላል።
በሩን ዘጋሁ።
        ከበሩ ጀርባ፣ በጠመኔ፣
ሁሌ የማየው፣ አንድም ቀን ያላየሁት በዓይኔ፣
መስመር አለ፤ አራት ቆሞ፣ አንድ ጋድሞ፣
መምህሩ የከፈለውን ወር የጻፈበት፣ ደጋግሞ።
ቆጠርኩት። አርባ ስምንት።
የመጨረሻዋ የዚያች ነሐሴ ናት፣ የማለፌ ወሬ የመጣባት።
በመስከረም አባቴ «ልጄ ታጥናበት» ብሎ፣
መምህሩን በጋሪ ሸኘው፣ እስከ አስፋልቱ ተከትሎ።
ከዚያ ወዲህ መስመር የለም፤
ሁለት ዓመት ከመንፈቅ፣ እንጨት ብቻ፣ ያለ ቀለም።

እና ያ ሬዲዮ ትዝ አለኝ።
ወር በገባ በሦስተኛው ቀን አባቴ ያነሳዋል፤
የኪራይ ብር ይቀመጥ ነበር ከሥሩ፤ እጁ ያውቀዋል፤
አቧራውን ይጠርግና፣ ሳይከፍተው መልሶ ያስቀምጠዋል።
እኔ እኮ ጽዳት ይወዳል እል ነበር፤
ደረሰኙ በየወሩ ፊቴ ይቆረጥ ነበር።

ነገ እሄዳለሁ። ሦስት ፊርማ አለው ቅጹ፤
አንዱ የአያ እንዳላማው አሻራ ነው፤ ባዶ ነው የዋጋው ገጹ።
ጸሐፊዋ «አልተሟላም» ትለኛለች፣
ቀጥሎ የቆመውን ትጠራለች።
ወይስ ይቺን በር ከማጠፊያዋ ነቅዬ፣
የጎንደርን ዳገት፣ እስከ ማራኪ፣ በጀርባዬ አዝዬ፣
ከመስኮቷ ላስደግፋት?
«የተጻፈው የሌላ ሰው ነው፤ ባዶውን ቁጠሪው፣ እህቴ፤
ኪራዬ እሱ ነው፤ እስካሁን የሚከፍለው አባቴ።»

«ቆጣሪው ሊበላን ነው፤ መብራቱን አጥፊ፣ ይበቃል!»
ትላለች እናቴ ከወዲያ።
አጠፋሁ።
በሩን ዳሰስኩት፤ ጠመኔው ዛሬም ይለቃል።