ቀሪ

አባቴ ቀያሽ ነበር፣ ማዘጋጃ ቤት፤
ሜትሩን ጠቅልሎ፣ ችካሉን ታቅፎ፣ በሐምሌ ዶፍ፣ በእሪ በከንቱ ቁልቁለት
ለማትሞላ ስንዝር፣ ለአንድ አጥር ግፊት
ዱላ የተማዘዙ ጎረቤታሞችን ሲገላግል ውሎ፣
ጭቃ ጫማውን ከደጃፍ አውልቆ፣ ከሳፋው እግሩን ጥሎ፣
ይለኛል፦
«ድንበር መስመር አይምሰልሽ፣ ወረቀት ላይ የሰፈረ፤
እንቅልፍ የሌለው መሬት ነው፣ በሁለት ሰው መሐል የቀረ።»

እኔም ቀያሽ ሆንሁ፣ የሥጋ፤
አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ፣ ከጠባብ ክፍሌ መስኮት ጋ፣
መብራት ሲጠፋ በጠመኔ፣ መብራት ሲመጣ በማሽን
ስፈልግ ኖርሁ ሃያ ስድስት ዓመት፣
ጉበት አልቆ ዕጢ የሚጀምርበትን።

በለቅሶ ድንኳን «ዶክተር» ስባል ሰምቶ
ጉልበቱን የሚያሳየኝ ስንቱ፣ ወገቡን የሚነግረኝ ስንቱ፣ ከጎኔ ተጠግቶ!
«የሒሳብ ነኝ» ብላቸው፣ እትዬ ዘርፌሸዋል
የራጅ ፊልማቸውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው፣
«ታዲያ ቁጠሪልኛ! ይኸ ነጭ ነጩ ስንት ይሆናል?»

ምስል የግራጫ ረድፍ ነው፤ ግማሹን ገላ ይናገራል፣
ግማሹን ማሽኑ በገዛ ራሱ ይለፈልፋል።
ልፍለፋውን የምታበርድ አንዲት ቁጥር አለች፤
ስታንስ ሁሉ ይንጫጫል፣
ስትበዛ ሁሉ ዝም ይላል።
ቀመር የላትም፤ እንደ ወጥ ጨው
ልኳን የሚያውቅ እጅ ነው።

አንድ የሰኔ ዓርብ፣ ጥቁር አንበሳ ምድር ቤት፣
ለራጅ ሐኪሙ ለእንግዳወርቅ ዘረጋሁለት
የጠራ ጉበት፣ የታጠበ ሸክላ ሳህን።
አላደነቀም። «ሳይታጠብ አሳዪኝ» አለ፣ «የፊቱን።»
ከዳር፣ ከጎድን አጥንቱ ጥግ፣ የምስር ክክ የምታህል
ነጥብ። እሱ አይቷታል።
እኔ ልፍለፋ ናት ብዬ ጠርጌያታለሁ።
በሽተኛው ስም የለውም፤ ዶሴው ላይ
ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ይባላል።

ቸርችልን በእግሬ ወጣሁት፣ ጃንጥላዬ እንደታጠፈ፤
ከማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት ሥር ስደርስ የአባቴ ድምፅ በጆሮዬ አለፈ፦
«ችካሉን ማን ነቀለው?»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ምስል አወጣለሁ፤ አንዱ የጠራው፣ ለጉባኤ፤
ሌላው እጣቢው፣ ከፊተኛው ላይ የጠራው ተቀንሶ የተረፈው፣ ለእኔ።
ተማሪዎቼ «እጣቢ ታነባለች» ይሉኛል፤
እውነታቸውን ነው። መልክ የሌለው ትቢያ ከሆነ እንቅልፍ ይወስደኛል፤
ጠርዝ ያለው ነገር ከታየኝ ግን አልተኛም፤
ክፍል ገብቶ ስም እንደሚጠራ መምህር
ግራጫውን ረድፍ በረድፍ እጠራለሁ፦
«ቀሪ አለ?»
ደግሜ፣
«ቀሪ አለ?»