የአንድ ውሃ ስሞች

ከሐይቁ ዳር ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል፣
መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣ እኔ ከስም ጋር ትግል።
ጠረጴዛዬ ላይ ሠላሳ አራት ደብተር፣
በሠላሳ አራት ዓመት በጠርሙስ የተቀዳ ባሕር።

«ናይትሬት» ይላል ባየልኝ፣ በቀጭን እስክሪብቶ፣
ግማሹ ቀለሙ በጠብታ ውሃ ሟሙቶ፤
ትርንጎ «ናይትሬይት» አለችው፣ አንዲት ፊደል አትርፋ፤
ሦስተኛው «ናይትራት» አለው፤ የጸሐፊው ስም ጠፋ።

ዓሣን በዐይኑ ብትጽፍ፣ አሳን በአልፉ ብትጽፍ፣
ቀረሶው ምን ገዶት፤ ሆሄ ከመረብ አያተርፍ።
ግን ናይትሬትና ናይትራይት በአንዲት ትንፋሽ ቢለያዩም፣
ወንድማማች ናቸው እንጂ፣ አንዱ ሌላው አይደለም።
ታዲያ ይህች የትርንጎ «ናይትሬይት»፣ ከመሐል የቆመች፣
የየትኛው ልጅ ናት? ማንን ብላ መጣች?
ደወልኩላት። ጡረታ ወጥታ ደብረ ታቦር ገብታለች፤
«ልጄ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ያኔ እጄ ነበረች የጻፈች» አለች።

በዘጠና ስምንት ነሐሴ፣ ከጉማራ አፍ በተቀዳው፣
ቁጥሩ ባንዴ ዘለለ፤ አራት ተኩል እጥፍ ገደማው።
ስብሰባ ተጠራ። ማዳበሪያው ተወቀሰ፤ ገበሬው ተወቀሰ፤
አንድ ወፍራም ሪፖርት ተጠርዞ አዲስ አበባ ደረሰ።
ሐይቁ ግን ያው ሐይቅ ነበር።
ባየልኝ ናይትሮጅኑን ለብቻው ነበር የሚመዝነው፤
አዲሱ ልጅ ከነኦክስጅኑ። አንዱ ሙሽራውን፣ ሌላው ከነሦስት ሚዜው።
ሁለቱም «ናይትሬት» ብለው ጻፉ፤ አንዳቸውም አልዋሸ፤
የፎገራ ገበሬ ግን በሰው ሚዛን ስሙ ቆሸሸ።

የባጃጁ ልጅ «ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ፣ የዓባይን ድልድይ ስንሻገር፤
«ስም አቃናለሁ» ብለው፣ «በይ የኔን መታወቂያ!
ደሳለውን ደሳለኝ ብለውት፣ ስንት ወር ዞርኩ በየቢሮው በር።»

ለቅኔ ተማሪ፣ ሁለት ፍቺ ያዘለ ቃል ማር ነው ሲቆርጡት፤
ለኔ ሰንጠረዥ ግን ዝንብ የገባበት ጠጅ ነው፣ እያዩ የሚጠጡት።
አንድ ነገር፣ አንድ ቃል፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ መለኪያ፤
ስንሰማማ ሁለት ዓመት ፈጀብን፣ ከጎርጎራው ጣቢያ።

አሮጌውን ስም አልፍቀውም። ከጎኑ ዓምድ አኖረዋለሁ፦
«ቀድሞ እንዲህ ይባል ነበር፤ በዚህ ቀን ተለወጠ» እላለሁ።
ሰው ክርስትና ሲነሣ፣ የቤት ስሙ መች ይሞታል?
እናቱ በዚያው ትጠራዋለች፤ ቄሱ በሌላው ይፈታዋል።
የትርንጎዋን ግን ከማንም አላስጠጋኋት፤
«አይታወቅም» የሚል የራሷን ቤት ሠራሁላት።

ሐሙስ ከኑርዬ ጋር ናሙና ልንቀዳ ወጣን፤
ሞተሩ ገልዳ አፍ ስንደርስ ጠፋ፤ ቀሪውን በመቅዘፊያ ገፋን።
እጁን ነከረና አሸተተ። «ይኼ እርሾ ውሃ ነው» አለኝ፤
«ሦስት ሳምንት ቆይተሽ ነይ፤ እምቦጩ ካልቦካ ውሸታም በይኝ።»

እርሾ ውሃ። ዝርዝሬን ገለጥኩ፤ በፎስፌት ሥር የለም፣
በአሞኒያ ሥር የለም፣
ጠረን የሚል ዓምድ ከነአካቴው የለም።
ያን ሁሉ ስም ስለቅም፣ ያን ሁሉ ሳጠራ፣
በሩን ዘግቼበት ኖሯል ይህን ውሃ በእጁ የሚጣራ።

ማታ ለኮሚቴው ጻፍኩ፦ «አንድ አዲስ ቃል ይመዝገብልን።
ምንጭ፦ ኑርዬ ይማም። መለኪያ፦ እጅና አፍንጫ። ፍቺው ይጠናልን።»

መልስ እስካሁን የለም።
ዛሬ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ትርፏ ጠርሙስ መስኮቱ ደፍ ላይ ቆማለች፣ የስሟ ቦታ ባዶ፤
በመስታወቷ ውስጥ ሳይ፣ ቀጭን አረንጓዴ መስመር፣ ከማዶ።