ከግንቡ ጥግ ጥቂት

ኖተሩ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ፣
የማርስላንን ኮረብታ ካርታ ላይ ዘርግቶ፣
በማስመሪያ ቀደደው።
(ወረቀቱን አልልም።)

ላይኛው ለሶላንዥ፣ ድንጋያማው መሬት፣
ጠጠሩ የቀን ፀሐይ ታቅፎ የሚያድርበት፤
ግሬናሽ።
ታችኛው ለፊርሜን፣ ከወንዙ ዳርቻ፣
ሸክላ አፈሩ ጥቁር፤ ሲራ፣ ሲራ ብቻ።
ፈረሙ። ብዕሩን ሳትሰጥ ለወንድሟ፣
ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች ከነሕመሟ።
እኔ ምስክር ነበርኩ፤ ኦርታንስ እባላለሁ፣
ከአደባባዩ ጥግ ምግብ ቤት አለኝ፣ ሰው አበላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ መከር።
በአንድ ግቢ ሁለት በር፣
ሁለት የደብዳቤ ሣጥን፤
ውሻው ግን አንድ፣
ኑዛዜ የማያነብ፣ ከሁለቱም ደጅ የሚሄድ።

ወይናቸውም ተለያየ። የሷ ቀይ ነው፣ ይሞቃል፣
እንጆሪ እንጆሪ ብሎ ምላስ ላይ ይስቃል፣
ግን ወገብ የለውም፤ ሳይውጡት ያልቃል።
የሱ እንደ ቀለም ጥቁር፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቆዳ፣
ጥርስን ይዞ አይለቅም፣ እንደ አራጣ ዕዳ።
«ደረቅ ነው» ይላሉ ከካርካሶን የሚመጡት ነጋዴዎች፤
ወይኑን ይሁን ሰውየውን፣ አይለዩም እነዚያ ሰዎች።

እኔስ ምን አደረግሁ? (አትንገሩብኝ።)
ከሁለቱም እገዛለሁ፣ ከሁለቱም እስቃለሁ፣
ማታ ከባንኮኒው ሥር መጋረጃ ዘግቼ፣
ስድስት ከሷ፣ ሦስት ከሱ፣ በኩባያ ለክቼ፣
በአንድ ጆግ
ቅልቅል እደግሳለሁ፣ ሙሽሮቹ በሌሉበት።

ደንበኞቼ ይወዱታል። ሽማግሌው አናቶል ብቻ፣
ከማርስላን ጋር ሠላሳ ዓመት በርሜል ያጠበው፣
አንዴ ጎንጨት አለለት።
አንዴ ዝም።
ጣቱን ብርጭቆው ከንፈር ላይ አዞረ፣ አዞረና፣
«ጎድሎታል» አለኝ፣ «ካሪኛኑ የት ሄደና?»

ለካ ከግንቡ ጥግ አንድ ረድፍ ነበረ፣
በአያት እጅ ተተክሎ ጎብጦ የኖረ፣
ግንዱ እንደ ጉልበት ያበጠ አሮጌ ሐረግ፤
ካርታ ያላየው፣ ኖተር የረሳው፣
የማንም ስላልሆነ ማንም ያልገረዘው።
አናቶል ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ፤
የሟች እጅ ጽሕፈት፣ በእርሳስ፣ ዳሩ ወይን የጠጣ፦
«ከላይ ስድስት። ከታች ሦስት።
ከግንቡ ጥግ ጥቂት።»
ይኸው ነው። ሌላ የለም።
ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት። በየሣጥኑ ከተትኩት።
ስሜን? ሞኝ ነኝ እንዴ?

በመከሩ ሳምንት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዳቦ ፍለጋ ስወጣ፣
ከግንቡ ሥር መቀስ ሰማሁ፣ ከሁለት ጫፍ የሚመጣ።
ቀጭ፣ ቀጭ።
ቃል የለም።
ቀጭ፣ ቀጭ።
ባልዲ ሲጎተት፣ ዘለላ ሲወድቅ፣ ሰው ሲያስል።
ውሻው መሐል ላይ ተኝቷል፤
ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድበት አጥቷል።

ክረምቱ ገባ። ነፋሱ ከሰሜን በረዶ አመጣ።
አንድ ሌሊት ከምድር ቤታቸው መብራት ወደ መንገድ ወጣ፤
ካፖርቴን ደርቤ (ዕድሜዬ ይፍረድብኝ)
በትንሿ መስኮት አጎነበስኩ።
በርሜል ላይ ሻማ፣ የመስታወት ቱቦ፣ ሁለት ብርጭቆ፣
እና ጩኸት፦

«ጥቂት ማለት አንድ ነው!»
«ግማሽ ነው! የአባባ እጅ ቆጣቢ ነበር።»
«ላንቺ ነዋ!»
«እስቲ ቅመስ፣ ከዚያ ተናገር።»
ቀመሰ። ተፋ። «ጨምሪ።»
ጨመረች። «በዛ!» «አልበዛም!» «በዛ አልኩሽ!» «አንተ ግትር!»
ዘጠኝ ዓመት የታፈነ ሁሉ በአንድ ጠብታ ሲመነዘር፣
ሻማው አለቀ፤ ሌላ ለኮሱ።
እኔ እግሬ ደነዘዘና ቤቴ ገባሁ፤ እነሱ አልጨረሱ።

አሁን ጠርሙሱ ከፊቴ ነው፤ ስም ገና የለውም፣
በስሙም እየተጣሉ ነው።
ቀዳሁ።
ፀሐይ፣ ከዚያ ጥላ፣ ከዚያ ከግንብ ሥር የሚመጣ
ዝገት የሚመስል፣ ደም የሚመስል አንዳች ጣዕም፤
አናቶል ብርጭቆውን አስቀመጠ። ምንም አላለም።
እኔም ጆጌን በፈላ ውሃ አጥቤ፣
ከመደርደሪያው ላይ ደፋሁት።