ያልፈሰሰ ውሃ ምስክር

ሶሃር ላይ ነሐሴ፣ ገና በጠዋቱ፣
መነጽሬን አፈነው የባሕሩ ላቦቱ።
ከቢሮው ስገባ ሸሚዜ ተጣብቆ፣
ኤሲው ያንቀጠቅጣል አጥንት ድረስ ዘልቆ።
ሦስት ሰው ፊት ተቀመጥኩ፣ ክላሴር ታቅፌ፣
ዐሥራ ሁለት ዓመት በላስቲክ አጣጥፌ።

ቅጹ ገጽ ሦስት ላይ እንዲህ ይጠይቃል፦
«አመልካች በሙያው ምን ነድፎ ያውቃል?
ሥራውን የመራ፣ በፊርማ ያጸደቀ፣
ባለፈቃድ ማነው፣ በስም የታወቀ?»

ፈቃድ።
ፈቃድ ስል የኖርኩት ሠላሳ ቀን ነበር፣
ኮምቦልቻ ደርሶ ሳይጠግቡ መብረር።
ባጣቃዬ ላይ ደግሞ የሠፈረው ቃል
«ቴክኒሺያን» ይላል።
ቪዛውን የሞላው፣ ማን እንደሁ እንጃ፣
በችኮላ ብዕር የጣፈው ማስረጃ
በሄድኩበት ሁሉ እየቀደመኝ
እሱን አስገብቶ እኔን አስቆመኝ።
ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል ሰምቻለሁ፤
ዲግሪዬን ሻንጣ ውስጥ ትቼ፣ ቱታ ለብሼ ወጥቻለሁ።

ሥራዬስ ምንድን ነው?
ውሃው ከባሕር ተነሥቶ፣ ጨውን ከኋላ ጥሎ፣
ወደ ከተማ ይሄዳል፣ በብረት ቧንቧ ታዝሎ።
ብረቱን አሸዋ ውስጥ ጨው ቀን ከሌት ይልሰዋል፤
ጨው የላሰውን ብረት ደግሞ ዝገት ቀን ቆጥሮ ይወርሰዋል።
ስለዚህ ከጎኑ ዚንክ ይቀበራል፣ በሽቦ ታስሮ፤
ዝገት ሲመጣ ዚንኩን ይበላል፣ ብረቱን አክብሮ።
የእኔ ድርሻ ማንበብ ነው፤ ምሰሶ ከምሰሶ፣
በግንባር መብራት፣ ላብ ጠጥቶ፣ አቧራ ለብሶ፦
ከዜሮ በታች ስምንት መቶ ሃምሳ።
ቁጥሩ ከዚህ ከሳሳ
ቧንቧው ታሟል ማለት ነው፣ ትኩሳቱ ሳይነሳ።

«ምን ነደፍክ?» አሉኝ ኢንጂነር ሳሊም።
ወጣቷ ሙዝና ቀጠለች፣ ቅጹን በእርሳስ እየነካካች፤
«አንድ ጠባብ ሥራ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት፤ ይህ ልምድ ነው ወይስ ልማድ?» አለች።
በዐረብኛ ነው ያለችው፤ እኔ ግን በአማርኛ ሰማሁት፤
በመሀል ም እና ማ ብቻ፤ ያንን ቀጭን ግድግዳ በጆሮዬ ዳሰስኩት።

መልስ ነበረኝ።
ኪሎሜትር ሠላሳ አንድ ላይ፣ ዋዲው ከሚሻገርበት፣
ቁጥሩ ድንገት ተዛባ፣ ምክንያት ሳይገኝበት።
አርባ ሌሊት አደንኩት፤ የጎረቤት ፋብሪካ
መሬት ውስጥ የለቀቀው ጅረት ነው ለካ።
በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ መፍትሔውን ሣልኩት፤
ንድፍ ነበር። ንድፍ መሆኑን ግን ዛሬ ነው ያወቅኩት።
ንጹሑ ቅጂ ከአማካሪው ቢሮ በሌላ ሰው ማኅተም ወጣ፤
ውሃው አልፈሰሰም። ላልፈሰሰ ውሃ ምስክር ከወዴት ይምጣ?

ቫርጊስን ጠይቄ ነበር፣ የያኔውን አለቃዬን፣ ኬረላ የገባውን በጡረታ፤
በድምፅ መልእክት መለሰ፣ ከኋላው ዶሮ እየጮኸ፣ ዝናብ ቆርቆሮ እየመታ፦
«እጽፍልሃለሁ ወንድሜ። ያየሁትን አልዋሽም።
ግን የፈቃድ ቁጥር ካሉህ፣ እኔም ራሴ የለኝም፤
ሠላሳ ዓመት ስሠራ አንድም ሰው አልጠየቀኝም።»

ይህንንም ነገርኳቸው።
ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው፤ እሺ።
ፊርማውስ ለማን ነው? ዝም አሉ ሳሊም አል-በሉሺ።

ኪሴ ገባሁ። የተበላ ዚንክ ነበር፣ ከሠላሳ አንድ የቆፈርኩት፣
ክንድ ያህል የነበረ፣ አሁን የበቆሎ ቆረቆንዳ የሚያክል፤ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።
«ይህን ያህል ሄዷል» አልኩ፤ «ቧንቧው ግን እንዳለ ነው።»
ሙዝና እርሳሷን አቆመች። ሽማግሌው ዚንኩን አነሡ፣
ገለበጡ፣ መዘኑ፣ በአውራ ጣት ቀዳዳዎቹን ዳሰሱ፣
ጠርዙ ላይ አንድ ነገር ጻፉ፤ ከእኔ ወንበር አይነበብም፤
«ይታያል፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ፤ እሺም አይደል፣ እምቢም።

ወጣሁ። ነሐሴ በሩ ላይ ቆሞ መነጽሬን ጉም አለበሰ።
ዚንኩ ግን በሳሊም መዳፍ ቀረ፤ ወደ ኪሴ አልተመለሰ።