የገደራው ዋርካ

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ዝናቡ እንዳባራ
ከቂርያት ሞሼ ተነስተን ወረድን ገደራ፣
እኔና አክስቴ እንወይ።
"ዛፍ ለማየት ደግሞ ቲኬት ይቆረጣል ወይ?"
አለችኝ በሩ ላይ ቆማ፤
ሳቀችም፣ ለጡረተኛ ቅናሽ እንዳለው ስትሰማ።

ገባን። በየመደርደሪያው፣ በየሳህኑ ጫካ፤
ነፋስ የጣለው የሚመስል ጥድ፣ በሽቦ የተጎተተ ለካ፤
ሮማን አለ፣ ፍሬው ከጆሮ ጉትቻ የማይበልጥ፤
ወይራ አለ፣ ግንዱ ተቦርቡሮ ባዶ ዓይኑን የሚያፈጥ፤
ከሁሉ መጨረሻ ደግሞ፣ ከውሃው ገንዳ አጠገብ፣
አንድ ዋርካ። አዎ፣ ዋርካ፤
ሁለት ስንዝር ቁመቱ፣ ከነሥሩ ቢሰበሰብ።
"ጉድ!" አለች እንወይ፤ "ከዚህ ሥር ለሽምግልና
የሚቀመጥ ጉንዳን ነው፣ ከወንድሙ በእህል ተጣላና።"

ኤልካና መጣ፣ አትክልተኛው፣ መቀሱ ከደረት ኪሱ፣
ባርኔጣው በፀሐይ የነጣ፣ አፈር የጠገበ ልብሱ።
እሱ በዕብራይስጥ ያስረዳል፣ እኔ በአማርኛ አቀብላታለሁ፤
የከበደኝን እዘላለሁ፣ ያልገባኝን እፈጥራለሁ።
"በሦስት ዓመት አንዴ ከሳህኑ ይነቀላል፤
ከሥሩ ሲሶው ይቆረጣል፤ ተመልሶ ይተከላል።
አይሞትም።"
"ያመዋል ወይ? በለው።"
ጠየቅሁት። ትከሻውን ነቀነቀ።
"እኔ እንጃ። ለጥቂት ሳምንት ቅጠሉን ያረግፋል፤
ጥላ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፣ ዝም እለዋለሁ፣ ያልፋል።"

"ዕድሜውስ?"
"ዘጠና ሁለት።" ሰሌዳ ከሥሩ ተለጥፏል፤
የተዘራበት ወር ሳይቀር፣ ከዘሪው ስም ጋር ተጽፏል።
አክስቴ ሰሌዳውን በጣቷ ዳበሰችው፣ ማንበብ ባትችልም።
የሷ መታወቂያ ላይ ቀኑ ዜሮ ነው፣ ወሩም ዜሮ፤ ዓመቱም
ከአውሮፕላን በወረደች ለት፣ ጸሐፊው የፊቷን መስመር አይቶ
የገመተው ነው፣ ፈገግ ብሎ፣ እስክሪብቶውን አንስቶ።
"ማን ያውቃል" አለች፣ "ታናሼ ይሆናል።"

ከዚያ ዛፎቹን ተወቻቸው።
ሰው ሁሉ ቅርንጫፍ ሲያደንቅ፣ ስልክ ደግኖ ፎቶ ሲያነሳ፣
እሷ ጎንበስ ብላ ታያለች የሳህኑን እግር፣ የሸክላውን ጠባሳ።
ወለቃ ሳለች ሸክላ ሠሪ ነበረች። እዚህ ሠላሳ ዓመት
የሆስፒታል ወለል ወለወለች፤ ስለ እጇ ማንም አልጠየቃት።

ባዶ ሳህኖች ከተደረደሩበት አንዱን አነሳች፤
ገለበጠችው፤ ቀዳዳዎቹን በጣቷ ቆጠረች፤
በጥፍሯ ኳ! አደረገችው፣ ጆሮዋን አስጠጋች።
"ይቺ ተሰንጥቃለች በለው።"
ኤልካና ተቀበላት፤ ወደ ብርሃን ያዘው፣ መነጽሩን ጠራረገ፤
"የለም" አለ። ደግሞ አየ። በጥፍሩ እሱም እንደሷ አደረገ፤
ምንም አልሰማም። እኔም አልሰማሁ።
ገንዳው ውስጥ ነከረው፣ ጠረገው፤ ገጹ ሲደርቅ አንዲት መስመር፣
ፀጉር የምታህል፣ ሳትደርቅ ቀረች፣ ከጠርዙ እስከ እግር።

ባርኔጣውን አወለቀ።
"ያቺንስ?" አላት፣ በአገጩ የዋርካውን ሳህን እያሳየ።
እንወይ እጇን አልዘረጋችም።
"አፈር የሞላው ሸክላ አይናገርም።
ስትነቅለው ጥራኝ በለው፣ ከኖርኩ።"
ተረጎምኩ።
"ከኖርኩ" ያለችውን ግን ዘለልኩ።

ስንመለስ ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ሰብስባ፤
ሬሆቮት ሳንደርስ ሰማዩ እንደገና አነባ።
ብርጭቆውን በጥፍሯ ኳ አደረገች፣
አዳመጠች።
"ምን ይላል?" አልኳት።
"ዝናብ" አለች።